ስሙ የሴት፣ ካርታው የወንድ!

«ባንክ ሴትና ወንድ አይለይም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ሲቀበል አይለይም! ልታስቀምጥ የመጣችን ሴት ከበሩ ጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ፈገግ ብሎ ይቀበላታል። ወንበር ይሳብላታል። በዓል ሲደርስ «እንኳን አደረሰዎ» የሚል መልእክት በሞባይሏ ይገባላታል። ልትበደር የመጣች ቀን ግን የዚያው ባንክ ዓይን ይበራል። ሴት መሆኗን ድንገት ያያል! ባል አላት ወይ? ቤት አላት ወይ? ቤቱ በማን ስም ነው? ባሏስ ያውቃል ወይ? … እንዴ! ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ባንክ ምኑ ላይ ነው «የማይለየው»?

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሮቤና ስለ ጎባ ነጋዴ ሴቶች ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተሰብስቦ ስለ «ሴቶች የፋይናንስ ተካታችነት» መነጋገር ቀላል ነው፤ ሻይ ዕረፍትም፣ አበልም አለው። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በባሌ ደጋ ብርድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እህል ሰፍራ፣ ቅቤ መዝና፣ እንጀራ ጋግራ የምትውለው ሴት ግን አበል የላትም። ያላት ሥራ ነው። የጎደላት ደግሞ ሥራውን የሚያሳድግ ገንዘብ ነው።

በባሌ ብድር ማለት ጊዜ ማለት ነው

ባሌን የማያውቅ ሰው ካለ ይስማኝ። ከሲናና እስከ አጋርፋ የተዘረጋው ሜዳ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚታጨድ መሬትም አይደለም። «ገና» እና «ቦና» የሚባሉ ሁለት የሰብል ወቅቶች አሉት። በመኸር ጊዜ ኮምባይነሩ ሜዳውን ሲያጭድ፣ የጭነት መኪናው በየመንገዱ ዳር ሲሰለፍ ያየ ሰው «ይህ አገር ምን ይጎድለዋል?» ማለቱ አይቀርም።

ሚስጥሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። አጨዳ ሲደርስ ስንዴ ይረክሳል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለበት፣ ሠርግ አለበት። ስለዚህ ይሸጣል። በዚያች ሳምንት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ያተርፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ስንዴ ወድዶ ሲመለስ፣ ቀድሞ የገዛው ሰው መጋዘኑን ይከፍታል። ጨዋታው ይኸው ነው! ከዚህ የተለየ የንግድ ፍልስፍና የለም።

ታዲያ በዚያች ሳምንት ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚኖረው ማን ነው? ከባንክ የተበደረ ነው። ከባንክ የተበደረውስ ማን ነው? በስሙ ቤት ያለው ነው። በስሙ ቤት ያለውስ? … መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በሮቤ የማውቃት አንዲት ነጋዴ አለች። ስሟን አልጠራም፤ የባንኩንም ስም አልጠራም። ነገም የምትሄደው እዚያው በር ላይ ነው። ይህች ሴት ስንዴና ገብስ ገዝታ፣ አበጥራና አስፈጭታ፣ ቅንጬና በሶ አዘጋጅታ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሌሎች ሴቶችን ቀጥራ ታሠራለች። ግብር ትከፍላለች። ንግድ ፈቃዷን በየዓመቱ ታሳድሳለች። ዕቁቧን አንድም ጊዜ አሳልፋ አታውቅም። የምትፈልገው ብድር ለአንድ ወቅት የሚሆን፣ በአጨዳ ጊዜ እህል ገዝታ ልታከማችበት፣ ሸጣ ልትመልሰው የምትችለው ነው። ፎቅ ልሥራበት አላለችም፤ መኪና ልግዛበትም አላለችም።

የብድር ባለሙያው ልጅ እግር ነው። በአክብሮት ነው ያነጋገራት።

«እናቴ፣ ካርታው በማን ስም ነው?»

«በባለቤቴ ስም ነው፣ ልጄ። ቤቱን ግን አብረን ነው የሠራነው። ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ።»

«እሱ ችግር የለውም እናቴ። ባለቤትዎ አብረው ይምጡና ያመልክቱ።»

«ነጋዴዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ይገባኛል። ግን አሠራሩ ነው …»

አሠራሩ! በዚህ አገር ማንም ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ «አሠራሩ» ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ሥራ አስኪያጁም ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ሁለቱም ተባብረው አንዲት ብርቱ ነጋዴን ወደ ቤቷ መለሷት። ባሏን ለምና፣ አግባብታና አስፈርማ እስክትመጣ ድረስ አጨዳው አለቀ። ስንዴው የሌላ ሰው መጋዘን ገባ። ባሌ ላይ ብድር ማለት ጊዜ ማለት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ከአጨዳ በኋላ የተፈቀደ ብድር ከሠርግ በኋላ እንደ ደረሰ በሬ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ባንኩስ ምን ያነባል?

አሁን አንዳንዱ «ሕጉ ነዋ! ባንኩ ምን ያድርግ?» ሊል ይችላል። እስቲ ሕጉን እንመልከተው።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። ያ ዘመን በወረቀት ላይ አልፏል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህም አልበቃም ብሎ፣ ሴቶች ከኋላ የመጣውን የበታችነት ውርስ እንዲያሸንፉ ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል አለ። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሰረዘው፤ የጋራ ንብረት በጋራ ይተዳደራል አለ። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69 አወጣ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር አለች። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት በመያዣ ለማስያዝም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የባልና የሚስት የጋራ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ልብ በሉ፤ የሁለቱም ነው የሚለው! ባል ሲበደር የሚስት፣ ሚስት ስትበደር የባል። ሕጉ ሚዛኑን እኩል አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

መሬት ላይ ሲወርድስ? ባል ሲበደር ሚስት ትጠራለች። ከማጀት ወጥታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» በተባለችበት ትፈርማለች። ምን እንደፈረመች የሚያስረዳት ስንት ባለሙያ ነው? ሚስት ስትበደር ግን የባል ፊርማ ፊርማ መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ ይሆናል። «ምን ልታደርጊበት ነው?» ይላል። «በእኔ ስም ይሁንና ልስጥሽ» ይላል። አንዳንዱም «ሴት ገንዘብ ከያዘች ቤት አይቆምም» ብሎ ፊርማውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሕጉ ስምምነት ያለውን ነገር ልማዱ ፈቃድ አደረገው፤ ባንኩ ደግሞ ልማዱን አሠራር አደረገው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት ነበረን። ተረቱን ነውር ነው ብለን ከመማሪያ መጻሕፍት ልናወጣው ደክመናል። ባንኮቻችን ግን በቅጽ አሳትመውታል። «ሴት ብትነግድ በወንድ ፊርማ ያልቃል!»

ያገባች፣ የፈታች፣ የሞተባት፣ ያላገባች …

«ባል ያላት ሴት ተቸገረች፤ ባል የሌላትስ ተገላገለች» ያላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ያላገባችዋ ላጤነቷን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ቀበሌ ትሄዳለች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ጸሐፊው የለም፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። የፈታችዋ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ትባላለች። ፍቺው ጸድቆ የንብረት ክፍፍሉ ገና በክርክር ላይ ከሆነ ዓመታት ይቆጠራሉ፤ እስከዚያ ድረስ ግማሽ ቤት ይዛ ሙሉ ድሃ ናት። ባል የሞተባት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ የባል ወንድሞች ደግሞ ለለቅሶ እንጂ ለወራሽነት ማስረጃ በቀላሉ አይመጡም።

በባሌ ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ፤ እኔ ግን አልደብቀውም። ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው አባወራ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛዋ ሚስት በየትኛው ካርታ ላይ ትገኛለች? በየትኛው ቅጽ ላይ «የትዳር ጓደኛ» ተብላ ትሞላለች? ልጅ ወልዳ፣ እርሻ አርሳና ከብት አርብታ ስታበቃ ባንኩ ዘንድ ስትደርስ የለችም! መንፈስ ናት! መንፈስ ደግሞ ብድር አይፈቀድላትም።

ሌላም አለ። የባሌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለ በመሆኑ ብዙ እናቶች የባንክን ብድር ከመጀመሪያውም አይጠጉትም ነበር። ከወለድ ነፃ ባንኮች ዘምዘምና ሒጅራ በ2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምሩ፣ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ሲከፍቱ፣ ይህ በር ተከፈተ ተብሎ ነበር። መልካም ነገር ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከወለድ ነፃ የሆነ ሁሉ ከካርታ ነፃ አይደለም። ወለዱ ቀረ፤ «ካርታው በማን ስም ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ግን አልቀረችም!

መሬቱ የመንግሥት፣ ዋስትናው የማን?

የባሌ ሕዝብ ስለ መሬት ማንም ሊያስተምረው የሚችል ሕዝብ አይደለም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም ድረስ እነ ጄኔራል ዋቆ ጉቱ በመሩት አመፅ የመሬትንና የግብርን ጥያቄ በደሙ ጽፏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የገጠር መሬትን ሲያውጅ ጭሰኛው ተነፈሰ። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ገበሬው መሬቱን አስይዞ ከባንክ መበደር ለዘመናት አልቻለም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ግን የመጠቀም መብትን በዋስትና አስይዞ መበደር እንዲቻል ፈቀደ።

እሰየው ነው። ግን የሴት ነገር ሲሆን እሰየው ከማለት በፊት ወረቀቱን መመልከት ይበጃል። በገጠር የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በጋራ እንዲገባ ተደርጓል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከተማ ስትገባ ግን ታሪኩ ይለወጣል። የሮቤና የጎባ ቤት ካርታ ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያ ስም የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሕግ ንብረቱ የጋራ ቢሆንም ባንኩ የሚያነበው ወረቀቱን ነው። ግምቱም ሲመጣ የጭቃ ቤት ነው፣ የክፍለ አገር ከተማ ነው እየተባለ ይወርዳል። ያው ሰፋ ያለ ቤት አዲስ አበባ ቢሆን ሚሊዮን ይጠራበት ነበር። ሮቤ ሲሆን የግምት ባለሙያው አፍንጫውን ነፍቶ ይሄዳል!

እንግዲህ ድምሩ ይኸውላችሁ። ከወንድ ይልቅ ሴት፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ባሌ፣ ከብሎኬት ይልቅ ጭቃ። ሦስት ጊዜ የተቀነሰች ሴት ምን ይቀራታል? አምስት ሴት ሆና የምትበደረው የቡድን ብድር ይቀራታል!

ሲንቄ በሰሌዳው ላይ

የቡድን ብድር ታሪክ ረጅም ነው። በ1988 ዓ.ም የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ሲወጣ የብድሩ ጣሪያ 5,000 ብር ነበር። ቤት ለሌላት ሴት ጓደኞቿ ዋስ ሆኑ። አንዷ ብትወድቅ ሌሎቹ ይከፍላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው ነገሩ። በዚህ ብድር ስንት ሴት ዶሮ አርብታ፣ በግ አደልባ፣ ጉልት ይዛ ልጅ አስተምራለች! ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው።

ነገር ግን ሴቲቱ ከጉልት ወጥታ ሱቅ ስትከፍት፣ ከሱቅ አልፋ ወፍጮ ልትተክል ስታስብ የቡድን ብድሩ ጠበባት። የባንኩ ብድር ደግሞ ሰፋባት። ከሁለቱ መካከል ገደል አለ። ለጉልት የሚያበቃ ብድር አለ፤ ለፋብሪካ የሚያበቃም አለ። መካከሉ ላይ የቆመችው ሴት ወይ አራጣ አበዳሪ ጋ ትሄዳለች፣ ወይ ዕቁብ ዕጣዋ እስኪደርስ ትጠብቃለች፣ ወይ እዚያው ባለችበት ትደርቃለች። በሞባይል የሚገኘውም ትንንሽ ብድር ለቀን ጉርስ እንጂ ለወፍጮ አይሆንም።

በ1989 ዓ.ም የተቋቋመው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበር በ2013 ዓ.ም ወደ ባንክነት ተሻገረ። ስሙንም «ሲንቄ ባንክ» አለ። ሲንቄ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ሲንቄ የኦሮሞ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ለከብት መንጃ አይደለችም፤ የሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። በአርሲና በባሌ ሴት ከተደፈረች፣ ባሏ ከልክ በላይ ከበደላት «ኢያ ሲንቄ!» ብላ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሊጥም ይሁን ልጅም ይሁን ትተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌ መጥቶ፣ ጥፋተኛው ካሳ ከፍሎና ይቅርታ ጠይቆ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ወደ ቤት አይመለሱም። ሲንቄ ይዛ የቆመችን ሴት ማንም አልፏት አይሄድም!

አሁን ይህች በትር የባንክ ስም ሆናለች። ባንኩን ለማንቋሸሽ አይደለም የማነሳው፤ መነሻው የድሃ ብድር መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን ስም ዕዳ ነው! የሴትን በትር በሰሌዳው ላይ የሰቀለ ባንክ ከሌሎቹ የበለጠ ይጠየቃል። ከሴቶች ስንት ሰበሰባችሁ? ለሴቶች ስንት አበደራችሁ? በቡድን ሳይሆን በግሏ፣ በስሟ፣ በንግድ ፈቃዷ የተበደረች ሴት በባሌ ስንት ናት? ቁጥሩን በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጥፉልን። ጥሩ ከሆነ እናጨብጭብላችሁ። ካልሆነ ደግሞ ሲንቄዋን ለባለቤቷ መልሱላት።

ይኸው ጥያቄ ለሌሎቹም ይደርሳል። እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ሐሳቡን አመንጭተው የተነሡት ሴቶች ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢም በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። አንድ ባንክ በሴቶች መመሥረቱ ኩራት ነው። ግን አንድ ባንክ «የሴቶች» ሲባል የቀሩት ሁሉ የማን ናቸው ማለት ነው? የወንዶች? እንግዲያው በግልጽ ይጻፍባቸው!

«ባንክ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም» ለሚሉን

ይህን መልስ ሳልሰማው የቀረሁበት ቦታ የለም። «ገንዘቡ የአስቀማጩ ነው፤ ባንክ ኃላፊነት አለበት፤ ያለ ዋስትና አበድሮ ቢከስርስ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሞክሮ አለ።

እ.ኤ.አ በ2012 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት 50 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ ብድር ተቋማት እየተላለፈ ለሴት ነጋዴዎች በግል ተሰጠ። ከብድሩ እጥፍ ያህል ይጠየቅ የነበረው ዋስትና ወደ 125 በመቶ ገደማ ወረደ። በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ማለት ነው፣ ቤት የሌላትን ሴት በጥያቄ ወረቀት ጠባይዋንና የንግድ ችሎታዋን መዝኖ ማበደር ተሞከረ። ታዲያ ሴቶቹ ገንዘቡን ይዘው ጠፉ? አልጠፉም! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ወደ 99 የሚጠጋው ብድር በጊዜው ይመለስ ነበር። እስቲ ከትልልቆቹ «ባለሀብቶች» መካከል እንዲህ የሚመልስ ቁጠሩልኝ!

ፕሮጀክቱ በመጀመሪያ የገባባቸው ስድስት ከተሞች አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ ነበሩ። ሮቤ በዝርዝሩ ላይ አልነበረችም። ጎባም አልነበረችም። ለባሌ ሴት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነባት።

ስለ ኃላፊነት ካነሣን ደግሞ ሌላ ቁጥር ላንሣ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት አሥር ትልልቅ ተበዳሪዎች ብቻ ከባንኮች ጠቅላላ ብድር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይዘው ተገኝተዋል። አሥር! በሮቤ የሐሙስ ገበያ በአንድ ጥግ ከተቀመጡት ቅቤ ሻጮች ቁጥራቸው ያንሳል። ታዲያ ለባንክ የሚያሰጋው የትኛው ነው? አንድ ሺህ ቅንጬ ሻጭ ወይስ አሥር ግዙፍ ተበዳሪ?

በነሐሴ 2015 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲያጥርም ማን እንደተቆረጠ ገምቱ። ገንዘቡ ሲጠብ ባንክ የሚሰናበተው ትልቁን ደንበኛውን አይደለም። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ያች የስንዴ ወቅት ግን ለባሌዋ ነጋዴ አልተመለሰችም።

ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ ጉድ ነው ብላችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ሀብታሟ አሜሪካ ባንኮች ሴትን በሴትነቷ ብድር እንዳይከለክሏት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ በ1974 ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ሴት ለንግድ ስትበደር የወንድ ዘመድ ፊርማ የሚጠይቀው ልማድ በሕግ የተሰረዘው እ.ኤ.አ በ1988 ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ የመሠረቱት ግራሚን ባንክ ከመቶ ከዘጠና በላይ ተበዳሪዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ በ2006 ከመሥራቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰው የሠራው አሠራር ነው፤ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

ወንበሩ ግማሽ፣ ሂሳቡስ?

መንግሥታችን በሴቶች ጉዳይ ፎቶ መነሣት ይወዳል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም የካቢኔው ግማሽ ሴት ሆነ። አገሪቱም ሴት ፕሬዚዳንት አገኘች። ዓለም አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ንግግር ይደረጋል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ግን ቁጥሩን እንይ። በዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ በ2017 በኢትዮጵያ ሂሳብ የነበራቸው ወንዶች 41 በመቶ፣ ሴቶች 29 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር ወንዶቹ ወደ 55፣ ሴቶቹ ወደ 39 በመቶ አደጉ። ሁለቱም አደጉ፤ መልካም። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ12 ወደ 16 ነጥብ ሰፋ! ካቢኔው ግማሽ በግማሽ በሆነበት ዘመን የባንክ ደብተሩ ይበልጥ ተራራቀ። ይህ ተራ የማስቀመጫ ሂሳብ ነው። ብድሩ ላይ ስትደርሱ ምን ታገኙ ይሆን?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉም አለ። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ላም፣ ወፍጮ፣ የሊጥ ማቡኪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ በመጋዘን ያለ እህል ሁሉ መያዣ መሆን ይችላል ማለት ነው። ለባሌዋ ሴት ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም! ቤቱ በባሏ ስም ቢሆንም ወፍጮው በእሷ ደረሰኝ ነው የተገዛው፤ ላሚቱም የእሷ ናት። ግን አዋጁ ወጥቶ፣ መዝገቡ ተከፍቶ ሲያበቃ የሮቤው ባለሙያ አሁንም «ካርታው በማን ስም ነው?» ይላል። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሌ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ ሥራ አይሆንምና የምጠይቀውን ቁርጥ አድርጌ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ባንክ በየዞኑ ከሴቶች የሰበሰበውንና ለሴቶች ያበደረውን በየዓመቱ በግልጽ እንዲያወጣ ያስገድድ። ያልተቆጠረ ነገር አያሳፍርም። ሲቆጠር ያሳፍራል፤ ሲያሳፍር ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ሕጉ ሮቤና ጎባ ላይ በተግባር ይታይ። ወፍጮዋን፣ ላሟንና በመጋዘን ያለ ስንዴዋን የሚገምት ባለሙያ ይመደብ። የአዲስ አበባን ፎቅ መገመት የሚችል ሰው የባሌን ላም መገመት አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ ብድር በወቅቱ ይሁን። ለገናና ለቦና አጨዳ የሚደርስ፣ ከአጨዳው በፊት ማመልከቻው ታይቶ የሚያልቅ የወቅት ብድር ይዘጋጅ።

አራተኛ፣ ለዓመታት ዕቁቧን ያላሳለፈች፣ ግብሯን የከፈለች፣ የቡድን ብድሯን በጊዜው የመለሰች ሴት «ታሪክ የላትም» አይባል። ታሪክ አላት፤ ያላነበባችሁት እናንተ ናችሁ።

አምስተኛ፣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ሕጉ ባለበት ልክ ብቻ ይጠየቅ፤ ከሁለቱም እኩል ይጠየቅ። ሚስት ስትፈርም ምን እንደምትፈርም በምትሰማው ቋንቋ ይነገራት። የከተማ ካርታም እንደ ገጠሩ ደብተር የሁለቱን ስም ይያዝ። የጋራ የሆነ ቤት የአንድ ሰው ስም ብቻ የሚሸከምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ባሎችም አላችሁ! ወንድሞቼ፣ ሚስቱ ያደገችለት ባል አያንስም። ያቺ ፊርማ የእጅ ጽሑፍ እንጂ ልጓም አይደለችም። ሚስትህ በአጨዳ ሳምንት ስንዴ ገዝታ ብታተርፍ የሚበሉት ልጆችህ ናቸው።

የባሌ ሴቶች ልመና አልወጡም። ያስቀመጡትን ገንዘብ መልሰው በብድር መልክ ለመጠየቅ ነው የቆሙት። ከሮቤ ገበያ የተሰበሰበው የቅቤና የእህል ብር ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የማን ፎቅ እየሆነ እንደሆነ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። እስከ ዛሬ በየተራ፣ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው ከባንኩ በር የተመለሱት። እናቶቻቸው ግን እንዲህ አልነበሩም። አንዷ ስትበደል ሁሉም ሊጡን ትተው ይወጡ ነበር።

ባንኮች ሆይ፣ ስሙን ወስዳችኋል፤ ትርጉሙን ሳታውቁ አልቀራችሁም። ሲንቄዋ ከሰሌዳው ላይ ወርዳ በሴቶቹ እጅ በራችሁ ላይ ከመቆሟ በፊት በሩን ብትከፍቱ ይሻላችኋል።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ያሰማን።